የባለበሩ ማጅራት

ፀጉር ቤቱ ሁለት ወንበር ነበረው፤ አንዱ በሩ አጠገብ፣ ሌላው መስኮቱ ሥር። ከእነዚህ ሁለት ወንበሮች ጀርባ ሁለት ሰዎች ለሃያ ስድስት ዓመት ቆመው ሲሠሩ፣ ደንበኛው ስማቸውን ልያዝ ብሎ አልተቸገረም። አንዱን ባለበሩ፣ ሌላውን ባለመስኮቱ አላቸው፤ በዚያው ጸና። «እኔ የባለበሩ ነኝ፣ እጠብቀዋለሁ» ይላል አንዱ። «ለባለመስኮቱ ወረፋ ያዙልኝ» ይላል ሌላው።

ባለበሩ ወሬኛው ነው። በር ላይ የቆመ ሰው ገቢ ወጪውን ሰላም ማለት አለበትና ምላሱ ሰልቶ ቀረ። ባለመስኮቱ በበኩሉ ቀኑን ሙሉ ከሦስት ነገር በላይ አይወጣውም፤ «ቀና በል»፣ «ጎንበስ በል»፣ «አምሮብሃል»። አንዱ ሲያወራ አንዱ እየሰማ ተዋደው ኖሩ።

አሁን ልብ በሉ፤ ፀጉር ቆራጭ የራሱን ፀጉር መቁረጥ አይችልም። ግንባሩንና ጆሮ ግንዱን እንደምንም ይነካካው ይሆናል፤ ማጅራቱ ግን የሰው እጅ ይፈልጋል። ስለዚህ በየአሥራ አምስት ቀኑ፣ ቅዳሜ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ የመጨረሻው ደንበኛ ሲወጣ የቆርቆሮውን መዝጊያ እኩሌታ ያወርዱና ተራ በተራ ይቆራረጣሉ። የተቀመጠው ዓይኑን ይጨፍናል። የቆመው ግራ እጁን አናቱ ላይ ጭኖ ጭንቅላቱን ያዝ ያደርግና በቀኙ ይሠራል። ያን ጊዜ ባለበሩ እንኳ ዝም ይላል። ሲያበቁ የቆረጠው የእጅ መስታወቱን ከኋላ ይዞ ያሳያል፤ የተቆረጠው ከፊት ባለው ትልቁ መስታወት ውስጥ ማጅራቱን አይቶ ራሱን ይነቀንቃል፤ ከዚያ ይለዋወጣሉ።

የባለበሩ ሚስት ከሞተች ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል፤ ልጅ አልወለዱም። እሷ ከሄደች በኋላ ገላውን የነካው የሰው እጅ ያ የባለመስኮቱ እጅ ብቻ ነበር፤ በአሥራ አምስት ቀን አንዴ፣ ለግማሽ ሰዓት። ይህን ራሱም በጊዜው አላስተዋለውም። ያስተዋለው እጁ ከቀረ በኋላ ነው፤ የቀረውም በራሱ ጥፋት ነው።

የባለመስኮቱ እጅ መንቀጥቀጥ የጀመረው በትንሿ ጣት ነበር። ባለበሩ ወዲያው አየ። መጀመሪያ «ብርድ ይሆናል» አለ በሆዱ። ቀጥሎ «ድካም ይሆናል» አለ። መቀሱ ከማበጠሪያው ጋር እየተጋጨ ቀጭ ቀጭ ማለት ሲጀምር ደግሞ፣ ድምፁን ለመሸፈን ወሬውን ከፍ አድርጎ ማውራት ያዘ። ጥድፊያ ያለበት ደንበኛ ሲገባ «ና እኔ ጋ፣ ቶሎ ልሸኝህ» ይላል። ልጁን ይዞ የመጣ አባት ሲገባ «ልጁን ለኔ» ይላል። ስለ እጁ ግን ያ ሁሉ ወሬኛ ትንፍሽ አላለም። አዝኖለት ነው፤ ፈርቶም ነው።

ቅዳሜ ቅዳሜም ዝም አለ። ማጅራቱ ላይ ፀጉሩ እንደ ደረጃ እየተቆራረጠ፣ አንዱ ጎን ወጥቶ አንዱ ጎን ወርዶ፣ መስታወቱ ሲቀርብለት ራሱን ነቅንቆ «እሰይ፣ አማረ» እያለ ይነሳ ነበር። ባለመስኮቱ መስታወቱን ያወርዳል።

በመጨረሻ አንድ ማክሰኞ፣ አንድ አፉ የማያርፍ ደንበኛ የባለበሩ ወንበር ላይ እንደተቀመጠ፣ ባለበሩ ፎጣ ሊያነሳ ዞር ሲል ማጅራቱን አየና ጮኾ ሳቀ። «ኧረ ጉድ! አንተን ማን ነው የጋጠህ? እኔንም እንዲህ አድርገህ ልትሸኘኝ ነው?» አለ። ቤቱ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ሳቀ። ባለበሩም ሳቀ። ባለመስኮቱ አንድ የተማሪ ጭንቅላት ላይ አቀርቅሮ ነበር፤ አቀርቅሮ ቀረ።

ባለበሩን እፍረት ያዘው፤ ነገሩ ሳምንቱን ሙሉ ከነከነው። ያ ሳምንት ደግሞ ቅዳሜው የመቆራረጫ ቅዳሜ አልነበረም። እሑድ ባርኔጣውን እስከ ጆሮው ድረስ ደፍቶ ከመንገዱ ማዶ ማዕዘኑ ላይ ወዳለው አዲስ ፀጉር ቤት ሄደ። የዚያ ቤት ባለቤት ሙዚቃ ከፍቶ የሚሠራ ወጣት ነው፤ በግራ እጁ ስለሚቆርጥ ሰፈሩ ግራኙ ይለዋል። ባለበሩ ሁለት ዓመት ሙሉ ሲያሽሟጥጠው ከርሟል። የዚያን ዕለት ግን ዓይኑን በጨው አጥቦ ገባና «ትንሽ አስተካክልልኝ፣ ለማንም አታውራ» አለው። ግራኙ ሙዚቃውን ቀነስ አድርጎ አስተካከለለት። እጁ ጥሩ ነው፤ እሱን መካድ አይቻልም።

ሰኞ ጠዋት ባለበሩ ፀጉር መቁረጫ ቶንዶሱን ሶኬት ላይ ሊሰካ ጎንበስ አለ። ማጅራቱ ለመስኮቱ ተገለጠ።

ቆራጭ የቆራጭን እጅ ያውቃል። በቀኝ እጁ የሚሠራ ሰው የማጅራቱን መስመር ሲዘጋ አንድ ወገን ላይ ያርፋል፤ ግራኝ ሲሆን ማረፊያው ይገለበጣል። ይህን ሌላ ሰው አያየውም። ባለመስኮቱ አየ። እጁ ላይ የነበረውን ደንበኛ ጨረሰ፤ «አምሮብሃል» አለው። ጋዋኑን አውልቆ ሚስማሩ ላይ ሰቀለ። ሁለቱን መቀሶቹን በፎጣ ጠቀለለ። በሩ ጋ ሲደርስ «ደህና ሁን» አለ፤ ከሦስቱ ቃሎቹ ውጭ የሆነ ቃል መሆኑ ነው።

ባለበሩ አንድ ሰው አገጭ ላይ ምላጭ ይዞ ነበር። ሰውየውን ላጭቶ ሲጨርስ መንገዱ ላይ ማንም አልነበረም።

ከዚያ ስምንት ወር ሆነ።

እግሩ ሦስት ጊዜ ወደ ባለመስኮቱ ቤት ወስዶታል። ቤቱ ከዳቦ መጋገሪያው ጀርባ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሦስቱንም ጊዜ ከደረጃው ሥር ተመልሷል። ምን ብሎ ይገባል? «እጅህ እንደሚንቀጠቀጥ አይቼ ደበቅሁህ፤ ቀጥሎም ተደብቄ ሌላ ሰው ጋ ተቆረጥሁ» ይባላል? ግራኙ ወንበር ላይ ዳግም ላልቀመጥ ብሎ ምሎ፣ ራሱን በራሱ ቀጣ። ፀጉሩ አደገ። ጢሙ አደገ። ሥራ ቦታ ባርኔጣ ማድረግ ጀመረ፤ ባርኔጣ ያደረገ ፀጉር ቆራጭ ደግሞ ማን ይወዳል? ደንበኛው በየተራ ማዕዘኑን እየታጠፈ ወደ ሙዚቃው ሄደ። የመስኮቱ ወንበር ላይ ነጭ ጨርቅ ጣል አደረገበት፤ ጨርቁ አቧራ ጠጣ።

ቤት ሲገባ የባሰ ነው። ከድስቱ ቆሞ ይበላል። ቴሌቪዥኑ ፊት ከነልብሱ ይተኛል። ሚስቱ በነበረችበት ጊዜ በየሳምንቱ ይለወጥ የነበረው አንሶላ፣ ከተለወጠ ስንት ጊዜው እንደሆነ እግዜር ይወቀው። ሰው ቢጠይቀው «አለሁ» ይላል። አለሁ ማለትማ ማንን ያቅተዋል።

አንድ እሑድ ታናሽ እህቱ መጣች። ትምህርት ቤት ጸሐፊ ናት፤ የሰው ፋይል ስታገላብጥ ስለምትውል ዓይኗ ከባድ ነው። እንደገባች ከራስ ፀጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ አየችው፤ ከዚያ ወደ እጁ ወረደች።

«ጋሼ፣ እጅህን አሳየኝ።»

«ምን ሆንሽ ደግሞ?»

«አሳየኝ አልኩህ። በዚህ ጥፍር ነው የሰው ፊት የምትነካው?»

እጁን ወደ ኪሱ ከተተ። «ተይኝ እስቲ። ብቻዬን ነኝ፣ ለማን ብዬ?»

እህቱ ልትቆጣ አፏን ከፍታ መልሳ ዘጋችው። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «ደንበኛ ሲመጣ ፎጣ የምታሞቀው ለማን ብለህ ነው?»

«ለደንበኛው ነዋ።»

«ዘመድህ ነው?»

«ምን ዘመድ ነው፣ መንገደኛም ይመጣል።»

«እሺ። ነገ ጠዋት አንድ ደንበኛ ይመጣልሃል። አንድ ሰዓት ተኩል ላይ። ከየት መጣህ፣ ለማን ብዬ እንዳትለው። ዝም ብለህ እንደማንኛውም ሰው አስተናግደው።» ይህን ብላ አንሶላውን ከአልጋው ላይ ገፈፈችና ጠቅልላ ይዛ ሄደች።

የዋሁ ባለበሩ እውነት መሰለው። ሰኞ አንድ ሰዓት ላይ ፀጉር ቤቱን ከፈተ። ወለሉን ጠረገ፤ ውኃ አፈላ፤ ፎጣ አሞቀ። አንድ ሰዓት ተኩል ሆነ። ለሁለት ሩብ ጉዳይ ሆነ። የመጣ የለም። «እዩዋት እንግዲህ፣ ከጠዋት እንቅልፌ አስነስታ ልታሾፍብኝ!» እያለ ሲብሰለሰል ዓይኑ መስታወቱ ላይ አረፈ። ባርኔጣ ያደረገ፣ ጢሙ የተንጨፈረረ፣ ትከሻው የወደቀ አንድ ሰውዬ ቆሞ ያየዋል። ደንበኛው መጥቶ ኖሯል።

ብቻውን ሆኖም አፈረ። በሩ ድረስ ሄዶ መንገዱን ግራ ቀኝ አየ፤ ዳቦ የያዘች አንዲት ሴት ብቻ ታልፋለች። ተመለሰና በሩ አጠገብ ባለው በራሱ ወንበር ላይ፣ እንደ እንግዳ ጫፉ ላይ ተቀመጠ። በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ በዚያ ወንበር ላይ ከቅዳሜ በቀር ተቀምጦ አያውቅም።

«ደህና አደሩ ጌታዬ» አለ መስታወቱን፣ ሳቁ እየመጣበት። «ይመቻቹ። ምን እናድርግልዎ? ጢሙን? በጣም ጥሩ። እንዴት ነዎት?»

እንዴት ነዎት። በቀን አርባ ጊዜ የሚላት ቃል ናት። ደንበኛው ሁሉ አንድ ነገር ይመልስላታል፤ አንዱ ወገቡን፣ አንዱ የቤት ኪራዩን፣ አንዱ አማቱን። አሁን መስታወቱ ውስጥ ያለው ሰውዬ ምን እንደሚመልስ ጠበቀ። ሰውዬው ከንፈሩ ተንቀጠቀጠ። ባለበሩ የሞቀውን ፎጣ አንስቶ ፊቱ ላይ ከደነበትና ከሥሩ ሆኖ አለቀሰ። ዘጠኝ ዓመትና ስምንት ወር አንድ ላይ አለቀሰ። ፎጣው እስኪቀዘቅዝ ድረስ እንዲያ ቆየ፤ ሲገልጠው ጢሙ ለስልሶ ለመላጨት ደርሶ ነበር።

ላጨው። ቀስ ብሎ፣ እንደ ሰው ፊት፣ ጉንጩን በጣቱ ወጠር እያደረገ። «አምሮብዎታል» አለ ሲጨርስ። ለጥያቄው ግን መልስ አላገኘም፤ ደንበኛው ዝምተኛ ነው ብሎ አለፈው።

ማግስቱን ደንበኛው በሰዓቱ መጣ። በሦስተኛው ቀንም መጣ። ሐሙስ ዕለት ጥፍሩን ቆረጠለት፤ ሳሙናና ፀጉር ማጠቢያ ሲበላው የኖረውን እጁን ቅባት ቀባለት። ቅባቱን ጣት በጣት ሲያዳርስ፣ ይህ እጅ ስንት ሺህ ሰው እንደነካና ማንም መልሶ እንዳልነካው አሰበና ትንሽ ቆመ። የሰውዬው ነገር እየገባው ሲሄድ ሌላም ሌላም ጨመረለት። እህቱ አጥባ የመለሰችውን አንሶላ አነጠፈለት። ምሳ ሰዓት ላይ በሩን ቆልፎ ሰሐን ላይ አውጥቶ፣ ተቀምጦ፣ ሹካ ይዞ እንዲበላ አደረገው። ማታ ከነልብስህ አትተኛም አለው። ሰውዬው መጀመሪያ አመፀ፤ በተለይ በልብሱ ነገር። ባለበሩ ግን አስቸጋሪ ደንበኛ ማግባባት ሥራው ነው።

ከሥራ ወደ ቤቱ ሲመለስም በአቋራጩ መሄድ ትቶ፣ በባቡር ሐዲዱ አጠገብ ባለው ረጅሙ መንገድ ይሄድ ጀመር። እዚያ መንገድ ላይ አንድ አግዳሚ ወንበር አለ፤ አንዱ እግሩ አጠር ያለ ነው፣ ሲቀመጡበት ይወዛወዛል። እሱ ላይ ቁጭ ይልና ሁለት ባቡር እስኪያልፍ ይቆያል። የሚያናግረው ሰው የለም። ብቸኝነቱ አልለቀቀውም፤ ውሸት ምን ያደርጋል። ድሮ እየሸሸው ቴሌቪዥን ሥር ይደበቅ ነበር፤ አሁን አብሮት አግዳሚው ላይ ይቀመጣል። እንቅልፉ ተመለሰ። ጠዋት ሲነሳ ቶሎ ልብስ የሚለብስበት ጉዳይ አገኘ፤ አንድ ሰው አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ይጠብቀዋል።

ፊቱ ጠራ። ደንበኞቹም አንዳንዶቹ፣ ሙዚቃው የሰለቻቸው መሰለኝ፣ መመለስ ጀመሩ። «ምን በልተህ ነው?» ይሉታል። ግን ባርኔጣው አልወረደም። ከፊት ሲያዩት ሙሽራ ነው፤ ከኋላ ፀጉሩ ኮሌታውን አልፎ ይወርዳል። ጠዋት ጠዋት ያንን ሰውዬ እንዲያ ሲያስተናግደው ከርሞ፣ አንዲት ቦታ ብቻ እጁ አይደርስባትም።

አንድ ዓርብ ጠዋት ልቡ ሞላና «ይህንንስ ለምን አልሠራውም?» አለ። የእጅ መስታወቱን በግራ እጁ ከኋላው ያዘ፣ ቶንዶሱን በቀኙ አነሳ። ይህን ስሕተት የሚሠራው ፀጉር ቆራጭ ብቻ ነው፤ ሌላ ሰውማ ፈርቶ አይጀምረውም። ዕድሜውን ሙሉ ደንበኛን በመስታወት ሲያይ የኖረ ሰው መስታወት ያታልለኛል ብሎ አይጠራጠርም። ሁለቱ መስታወቶች ተያይዘው ግን እጁን የሌላ ሰው እጅ አደረጉበት። ወደ ቀኝ ሲለው ወደ ግራ፣ ወደ ታች ሲለው ወደ ላይ። ግራ ተጋብቶ ለማረም ሲል ቶንዶሱን ጠበቅ አድርጎ ገፋው፤ በጥርሱ ላይ የሚገጠመውን ማበጠሪያ መግጠም ረስቶ ነበር። ከማጅራቱ ተነስቶ እስከ አናቱ አጋማሽ ድረስ፣ ሁለት ጣት የሚያህል ባዶ መንገድ ወጣ። ቀዝቃዛ አየር ነካው።

«አይ አንተ!» አለ ጮክ ብሎ። ለማን እንዳለው አላወቀም።

ቶንዶሱ እጁ ላይ እያንዛረረ ቆሞ አሰበ። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ሁሉንም ሙልጭ አድርጎ መላጨት። ለዚያ መስታወትም አያስፈልግም፤ በዳበሳ ይሆናል። በየሦስት ቀኑ ሙልጭ ማድረግ ነው። ከዚያ በኋላ ግራኙንም፣ ባለመስኮቱንም፣ የማንንም እጅ ሳይፈልግ እስኪሞት መኖር ይችላል። ጠዋት ራሱን ይላጫል፣ ምሳውን በሰሐን ይበላል፣ ባቡሩን ያያል፣ ይተኛል። ሁሉ ነገር በእጁ ይሆናል።

ቶንዶሱን ግንባሩ ላይ አደረገው። እጁ አልታዘዝ አለው። ያንን ፀጉር ቢያነሳው የመቆራረጫው ቅዳሜ ራሱ አብሮ እንደሚሞት ገባው። ስምንት ወር ሙሉ ያሳደገውም ለቅጣት ብቻ አልነበረም፤ ያንን ቅዳሜ እየጠበቀ ኖሯል። ባለመስኮቱ ናፍቆታል፤ ሌላ ስም የለውም። ቶንዶሱን አጠፋና ከሶኬቱ ነቀለው።

በማግስቱ ቅዳሜ ነበር። አሥር ሰዓት ላይ መዝጊያውን እስከ ታች አወረደ፤ ባርኔጣውን ደፍቶ ከዳቦ መጋገሪያው ጀርባ ሄደ። ከደረጃው ሥር እግሩ እንደለመደው ሊዞር ሲል «አንድ ደንበኛ ይዤ ነው የመጣሁት» አለና ወጣ። ሦስተኛው ፎቅ ላይ ትንፋሹ ተቆራርጦ አንኳኳ።

የባለመስኮቱ ሚስት ከፈተች። አየችው፤ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። «አንተ ሰው፣ ሞተህ ነው ብዬ ነበር። የሞተ ሰው ደግሞ ይነገራል፣ ለቅሶ ይደረሳል። ስምንት ወር!»

«ጥፋተኛ ነኝ እህቴ።»

«መሆንህንማ እናውቃለን። ግባ፣ ደረጃ ላይ አትቁም።»

ባለመስኮቱ እዚህም መስኮት ሥር ነበር፤ ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ ወንበር ላይ ተቀምጦ መንገዱን ያያል። ባለበሩ ሰላምታውን ሊጀምር አፉን ሲከፍት ዓይኑ ማጅራቱ ላይ ወደቀ። ፀጉሩ ከተቆረጠ ከሦስት ቀን አይበልጠውም። ንጹሕ መስመር፣ አንድም ደረጃ የለበት። ማረፊያው የተገለበጠ።

ግራኙ።

ባለበሩ ክው አለ። ደረቱ ውስጥ አንድ ነገር ተጣመመ፤ ወዲያው መዞር፣ መውረድ፣ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየረገጠ መሄድ አማረው። ሌላ እጅ! ያንን ማጅራት ሃያ ስድስት ዓመት የሚያውቀው እሱ ነው፤ ከቀኝ ጆሮው ጀርባ ያለችውን ትንሽ ጠባሳ ሳይነኩ እንዴት እንደሚታለፍ የሚያውቀው እሱ ነው። ከዚያ ያ ሰኞ ትዝ አለው። የዚያን ዕለት ጎንበስ ሲል ባለመስኮቱ ያየው ይህንን ነው፤ ይህ የተጣመመ ነገር በደረቱ እያለ ነው ደንበኛውን ጨርሶ «አምሮብሃል» ያለው። ባለበሩ እዚያው ቆመ።

ባለመስኮቱ ዞር አለ። ከስቷል። ሁለቱም እጆቹ ጭኑ ላይ ናቸው፤ ሁለቱም ይንቀጠቀጣሉ። ባለበሩ ባርኔጣውን አወለቀና ዞረ።

ከኋላው «ማነው?» የሚል ድምፅ መጣ።

«እኔ ነኝ።»

«ይህን ማነው የሠራው ነው የምልህ።»

«እኔ ነኝ አልኩህ። በሁለት መስታወት።»

ባለመስኮቱ መጀመሪያ በአፍንጫው ሳቀ። ከዚያ በሆዱ ሳቀ። ከዚያ እስኪያስለው፣ ሚስቱ ውኃ ይዛ እስክትሮጥ ድረስ ሳቀ። «ማበጠሪያውን ሳትገጥም!» ይላል እንባውን እየጠረገ። «ሃያ ስድስት ዓመት ሠርተህ!» ባለበሩ እሱ ይህን ያህል ቃል ባንድ ጊዜ ሲናገር ሰምቶ አያውቅም።

ሳቁ ሲበርድ ባለመስኮቱ «ግራኙ ጋ ሂድ። ያስተካክልልሃል» አለ። «እኔም እዚያ ነው የምሄደው።»

«አየሁት። ጥሩ ሠርቶልሃል።»

«ጥሩ ነው።»

«ግን አልሄድም። አንተ ቁረጠኝ።»

ባለመስኮቱ ሁለቱን እጆቹን ከጭኑ ላይ አንስቶ ፊቱ ድረስ አወጣቸው። በአየሩ ላይ ይንቀጠቀጣሉ። «አየኸው?»

«አየሁት። ከዛሬ ሁለት ዓመት በፊትም አይቼው ነበር።»

«አይተህ ለምን ዝም አልክ?»

ባለበሩ አንገቱን ደፋ። «ፈራሁ። ከነገርኩህ ትሄዳለህ ብዬ ፈራሁ።»

«ለደንበኛው፣ ለመንገደኛው፣ ለሁሉ የሚሆን አፍ አለህ» አለ ባለመስኮቱ። ድምፁን ሳይጨምር ነው የሚናገረው፤ ዓይኑ ግን ቀላ። «እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ መስታወቱን ስይዝልህ ንገረኝ፣ ንገረኝ እል ነበር በሆዴ። አንተ ብቻ እንድትነግረኝ ነበር የምፈልገው። አንተ «እሰይ፣ አማረ» ትለኛለህ። ከዚያ ተደብቀህ ሄደህ የሌላ ሰው እጅ ማጅራትህ ላይ ይዘህብኝ መጣህ።»

«ይቅር በለኝ።»

ባለመስኮቱ ወደ ሚስቱ ዞሮ «አንሶላ አምጪ» አለ። «ወንበሩን ወደ ብርሃኑ አዙሪልኝ። ያ ፎጣ የት ነው?»

ፎጣው ሲፈታ ሁለቱ መቀሶች እንደተጠቀለሉ ነበሩ። ባለበሩ ተቀመጠ፤ አንሶላው አንገቱ ላይ ታሠረ። የባለመስኮቱ ግራ እጅ መጣ፣ አናቱ ላይ አረፈ። ይንቀጠቀጣል፤ መንቀጥቀጡ በአጥንቱ አልፎ እስከ ጥርሱ ድረስ ይሰማዋል። ባለበሩ ዓይኑን ጨፈነ። እነዚህን ሳምንታት ራሱን ሲላጭ፣ ሲቀባ፣ ሲያበላ ቆይቷል፤ ያ ሁሉ ለዚህ ሰዓት ሰው አድርጎ አቆይቶት ነበር። አሁን ምንም አያደርግም፤ ጭንቅላቱን ለእጁ ሰጥቶ ይቀመጣል።

አንድ ሰዓት ከሩብ ፈጀ። ሁለት ጊዜ ጆሮው ተነካ፤ አንዴ ትንሽ ደም ወጣ፤ ሚስትየው ጥጥ አመጣች። «ጎንበስ በል» ይላል ባለመስኮቱ፤ ይጎነበሳል። «ቀና በል» ይላል፤ ቀና ይላል። በመጨረሻ ሚስትየው የግድግዳውን መስታወት አውርዳ ከፊቱ ያዘች፣ ባለመስኮቱ የእጅ መስታወቱን ከኋላው ያዘ። መስታወቱ ይንቀጠቀጥ ነበርና ማጅራቱ ውስጡ ይዘላል፤ ባለበሩ እስኪረጋ ድረስ ጠበቀ፤ አልረጋም። በሚዘለው ውስጥ እየተከታተለ አየው።

«እ?» አለ ባለመስኮቱ።

ባለበሩ ራሱን አልነቀነቀም። «ጠማማ ነው» አለ። «በግራ በኩል ደረጃ አለው። መንገዱም አልጠፋም።»

የባለመስኮቱ ፊት ቀስ ብሎ ተፈታ። «አውቃለሁ» አለ። መስታወቱን አወረደ። «ወደ ሥራ አልመለስም። ይህን እጅ ይዤ ሰው ፊት አልቆምም፤ እንዳትለምነኝ።»

«አልለምንህም።»

«ከአሥራ አምስት ቀን በኋላ ና። ትንሽ ሲያድግ እሞክረዋለሁ።»

ባለበሩ ባርኔጣውን ኪሱ ውስጥ አጥፎ ከተተና ወጣ። በግራኙ በር ፊት ለፊት ነበር ያለፈው። ወጣቱ በመስታወቱ ውስጥ አየው፤ ቶንዶሱን እንደያዘ አፉን ከፍቶ ቀረ።

ሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ፀጉር ቤቱ እንደወትሮው ባዶ ነበር። የመስኮቱን ወንበር ጨርቅ አንስቶ አራገፈና መልሶ አለበሰው። ፎጣ አሞቀ፣ በራሱ ወንበር ላይ ተቀመጠ።

«ደህና አደሩ ጌታዬ። እንዴት ነዎት?»

መስታወቱ ውስጥ ያለው ሰውዬ ጥቂት አሰበ።

«ማጅራቴን ትንሽ በርዶኛል» አለ። «ሌላው ደህና ነው።»